ሼክ አፕ የምትባለዋን ቃል በቦታዋ የማስገባት መመሪያ

ባለፈው አንዲት ተማሪዬ ለስራ ያመለከተችበትን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አምጥታ ቲቸር እስኪ ይዩልኝ አለችኝ። ሆቴል ስቶር ውስጥ ሰርታለች፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ስትገባ ስቶሩ የተዝረከረከ ነበር፣ እቃውን በሙሉ አውጥታ እንደገና በአይነት በአይነቱ ደርድራ መዝገቡንም አስተካክላ ነው የወጣችው፣ እና ይሄን ትልቅ ስራዋን ለመግለፅ ምን ብላ ፃፈች፣ አይ ዲድ ኤ ሼክ ዳውን ኢን ዘ ስቶር። ሼክ አፕ (shake-up)፣ ማለትም የነበረን ነገር ድንገት አናውጦ እንደገና ማደራጀት ማለቷ ነው። ሼክ ዳውን ግን ሰውን አስፈራርቶ ብር መቀበል ማለት ነው፣ በቀጥታ ሲነበብ ስቶር ውስጥ ሆኜ ሰው አስፈራርቼ ገንዘብ ተቀበልኩ ብላ ፃፈች ማለት ነው። ደብዳቤው ተልኳል፣ አልጠሯትም። በሱ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፣ ግን አንጀቴን በላችው።

እኔ እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ማታ ማታ ስፖክን ኢንግሊሽ አስተምራለሁ፣ አስጎብኚዎች አሉኝ፣ ሪሴፕሽን የሚሰሩ አሉኝ፣ የመንግስት ሰራተኞችም አሉ፣ እና ሁሉም ይቺን ቃል ዜና ላይ ሰምተዋታል ወደዋታልም ግን ቦታዋን ያስቱባታል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የምደጋግመውን እዚህ አንድ ጊዜ ልፃፈው፣ በተራ ተከተሉኝ።

1. መጀመሪያ የሽሮፕ ጠርሙስ አንሱ

ልጅ ያለበት ቤት የሳል ወይ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ አይጠፋም። ጠርሙሱ ላይ ሼክ ዌል ቢፎር ዩዝ ይላል፣ ከመውሰድህ በፊት በደንብ ናጠው ነው። ለምንድነው የሚናጠው፣ መድሀኒቱ ስር ዘቅጧል፣ ዝም ብላችሁ ብትቀዱ ለልጁ የምትሰጡት ውሀውን ነው። ቃሏ የወጣችው ከዚሁ ነው፣ ሼክ መናጥ፣ መነቅነቅ፣ አፕ ሲጨመርበት ደግሞ የተኛውን ነገር ከስሩ ቀስቅሶ ማስነሳት።

ለኛ ግን ከጠርሙሱ ይልቅ የሚቀርበው የወተት ቅል ነው። እናቴ ወተት ስትንጥ ቅሉን እየገፋች እየመለሰች ለረጅም ሰአት ነው፣ ልጅ ሆኜ ሰልችቶኝ ለምን አትተይውም እላት ነበር፣ እሷ ግን የምትፈልገውን ታውቃለች፣ ቅቤው ለብቻው አሬራው ለብቻው እስኪወጣ አትተውም። ሼክ አፕ ማለት እንደዚህ ያለ መናጥ ነው፣ ናጭ አለው፣ የሚናጠው ነገር ቀድሞ እቃ ውስጥ ያለ ነው፣ ናጩም የሚፈልገው ቅቤ አለ። ይሄን ከያዛችሁ የሚቀጥለው ሁሉ ይቀላል።

2. ቃሏን ከማውጣታችሁ በፊት ሶስት ጥያቄ ጠይቁ

ናጩ ማነው? የሚናጠው ምንድነው? የሚፈለገው ቅቤ ምንድነው? ሶስቱም መልስ ካገኙ ሼክ አፕ በሉ፣ አንዱ ከጎደለ ሌላ ቃል ፈልጉ። ምሳሌ ላምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም ስህተቱ በብዛት እዚህ ነው።

መስሪያ ቤታችሁ አዲስ ሀላፊ መጣ እንበል፣ በገባ በወሩ መዋቅሩን ለወጠ፣ ሶስቱን ክፍል ሁለት አደረገ፣ ድልድል ወጣ፣ ግማሹ ከፍ አለ ግማሹ ቦታ አጣ። ናጩ ሀላፊው ነው፣ የተናጠው መስሪያ ቤቱ ነው፣ የተፈለገው ስራ እንዲቀላጠፍ ነው (ተቀላጠፈም አልተቀላጠፈም፣ ቃሏ ስለ ውጤቱ አትፈርድም፣ ይሄን ልብ በሉ)። ሼክ አፕ ነው። ቢፒአር የሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤቶችን አሰራር ከስሩ የመለወጥ ስራ የመጣ ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ያ ሁሉ ድልድልና ዝውውር በእንግሊዝኛ ኤ ሼክ አፕ ኦፍ ዘ ሲቪል ሰርቪስ ይባላል።

ጥቅምት 2011 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር አብይ አህመድ ካቢኔውን ከ28 ወደ 20 ሚኒስትር ዝቅ ሲያደርጉና ግማሹን ሴቶች ሲያደርጉ እሱም ሼክ አፕ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ብቻ አይደለም የተቀየረው፣ መስሪያ ቤቶቹም ተዋህደዋል።

አሁን አስጎብኚዎቼ ስሙኝ፣ ይሄ ለናንተ ነው። ቱሪስት ይዛችሁ ፋሲል ግቢ ውስጥ ስትዞሩ ታሪክ መናገራችሁ አይቀርም። አፄ ቴዎድሮስ በፈረንጅ 1855 ነግሰው ጦሩን በአስር አለቃ፣ በሀምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃ፣ በሺ አለቃ ማዋቀራቸውን ስትናገሩ ሂ ሹክ አፕ ዘ አርሚ ብትሉ ያምራል፣ ፈረንጁም ወዲያው ይገባዋል። ለአንድ ቤተክርስቲያን ሁለት ቄስና ሶስት ዲያቆን ይበቃል ብለው የተረፈውን መሬት ሊወስዱ ሲነሱ ካህናቱ መቃወማቸውን ስትነግሩ ደግሞ ሂ ትራይድ ቱ ሼክ አፕ ዘ ቸርች በሉ፣ ትራይድ የምትለዋን አትርሱ፣ ሞከሩ እንጂ አልሆነላቸውም።

ግን እኚሁ ንጉስ በፈረንጅ 1866 እዚችው ጎንደር ገብተው ከተማውን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ሼክ አፕ አይባልም። ያ ዲስትራክሽን ነው፣ ማውደም። አንድ ልጅ አለ አስጎብኚ ነው፣ ቲቸር ናጩ አለ የተናጠው ከተማም አለ ታዲያ ለምን አይሆንም ብሎ ጠየቀኝ፣ ጥያቄው ጥሩ ነው። ቅሉን ከሰበርከው ቅቤ አታገኝም አልኩት። ሼክ አፕ ሲባል እቃው መኖር አለበት፣ ከተናጠ በኋላም አለ፣ ውስጡ ያለው ነው ቦታ የሚቀያየረው።

ዘመነ መሳፍንትም ሼክ አፕ አይደለም። በፈረንጅ 1769 አፄ ኢዮአስ ከተገደሉ ጀምሮ እስከ ቴዎድሮስ ድረስ ንጉሱ በስም ብቻ ጎንደር ቁጭ ብሎ መሳፍንቱ ሲፋለሙ የኖሩበት ዘመን ነው፣ አንድ ናጭ የለውም፣ ሁሉም ይንጣል። ለሱ ያለው ቃል አፕሂቫል ነው፣ ከስር የሚገለብጥ ትልቅ መናወጥ፣ ኤ ፒሪየድ ኦፍ አፕሂቫል በሉት። የ1966ቱን አብዮትም እንደዛው፣ አፕሂቫል ወይም ሪቮሉሽን።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። ሰው የሞተበትን፣ ሰው የተሰደደበትን፣ እናት ያለቀሰችበትን ነገር ሼክ አፕ አትበሉት። በእንግሊዝኛ ቃሏ የቢሮ ቃል ናት፣ ቀለል ያለች ናት፣ ወንበር ሲቀያየር የምትባል ናት። እንግዳ ቀርቦ በቅርቡ ስላሳለፍነው ክፉ ጊዜ ቢጠይቃችሁ ዲፊከልት ታይም በሉ፣ ኮንፍሊክት በሉ፣ አፕሂቫል በሉ። ሼክ አፕ ካላችሁ ሰውየው ነገሩን እንዳቀለላችሁት ነው የሚያስበው፣ እናንተ ደግሞ እንደዛ ማለታችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ቀስ ብሎ የመጣ ለውጥም አይሆንም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፈረንጅ 1954 የህዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተጀምሮ እያደገ እያደገ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ግሮውዝ ነው። ሼክ አፕ ድንገት ነው፣ ማክሰኞ ወንበርህ ላይ ነበርክ ረቡዕ የለህም። መንገድና ህንፃም ሼክ አፕ አይደረግም፣ በኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲቆፋፈር ዘ ሮድ ሼክ አፕ ያለኝ ተማሪ ነበር፣ እሱ ሪዴቨሎፕመንት ነው።

3. አፋችሁን አስተካክሉ

ይሄ አጭር ነው ግን ካልሰራችሁት ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ቼክ አፕ የሚባል ሌላ ቃል አለ፣ ሀኪም ቤት ሄደን ሙሉ ምርመራ የምናደርገው። ቼክ አፕ አማርኛ ሆኖ ስለገባ አፋችን ወደሱ ይሮጣል፣ ማኔጅመንቱ ሼክ አፕ ተደረገ ለማለት ማኔጅመንቱ ጤና ምርመራ ተደረገ የሚሉ ሰዎች አሉ።

መጀመሪያ ፊደሉን ለዩ፣ ሸ እና ቸ። ቀጥሎ ድምፁን ሳቡት፣ ሼይክ ነው፣ መሀሉ ላይ ይ የምትመስል ድምፅ አለች፣ ቼክ ግን አጭር ነው ይ የለውም። በአማርኛ ሼክ ብለን ስለምንፅፈው የሀይማኖት አባቱን ሼክ ይመስላል፣ ስታነቡት ይ ዋን ራሳችሁ ጨምሩ። ቀጥሎ ሁለቱን ቃል አያይዙ፣ ሼይክ ብላችሁ ቆማችሁ አፕ አትበሉ፣ ሼይካፕ፣ አንድ ትንፋሽ። ስም ሲሆን ጉልበቱን ሼይ ላይ ጣሉ፣ ግስ ሲሆን ጉልበቱ ወደ አፕ ይሄዳል። ሀያ ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ በጆሮ ብቻ አይያዝም።

4. ስም ናት ግስ ናት፣ ለዩአት

ስም ስትሆን ነገሩን ትጠራለች፣ ኤ ሼክ አፕ፣ አንድ የመናጥ ስራ። ትቆጠራለች ስለዚህ ኤ ያስፈልጋታል፣ ዜር ዋዝ ሼክ አፕ አይባልም፣ ዜር ዋዝ ኤ ሼክ አፕ ነው። ስትፃፍ በሁለቱ መሀል ሰረዝ አላት፣ አሜሪካኖች አንዳንዴ ገጥመው ይፅፏታል፣ ሁለቱም ያስኬዳል።

ግስ ስትሆን ሰረዝ የላትም፣ ሁለት ቃል ናት፣ ትለያያለችም። ሼክ አፕ ዘ ኦፊስ ይባላል፣ ሼክ ዘ ኦፊስ አፕም ይባላል፣ ግን ኢት የምትለዋን ስታስገቡ የግድ መሀል ነው የምትቀመጠው፣ ሼክ ኢት አፕ። ሼክ አፕ ኢት ካላችሁ ተሳስታችኋል። ይቺን በአማርኛ ልክ ስለሌላት በቃ ሸምድዷት።

ያለፈ ጊዜዋ ሼክድ አይደለም፣ ሹክ ነው። ይሄን ተማሪዎቼ እንዳይረሱት የማደርገው እንዲህ ነው፣ መስሪያ ቤት ውስጥ ለውጥ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ ምን ይሰማል፣ ሹክሹክታ፣ አንዱ ላንዱ ሹክ ይለዋል፣ እገሌ ሊነሳ ነው ይባላል። ሹክ ሹክ ሲባል ሰንብቶ ዘ ዳይሬክተር ሹክ ኢት አፕ። ካስተማርኳቸው ሰዎች ይሄን የረሳ አላጋጠመኝም። ሶስተኛዋ ሼክን ናት፣ ብቻዋን አትቆምም፣ ሀዝ ወይ ሀድ ወይ ዋዝ ትፈልጋለች፣ ሂ ሀዝ ሼክን አፕ ዘ ቲም።

5. ጎረቤቶቿን እወቁ

ቃል ብቻውን አይሄድም፣ እንደኛው ጎረቤት አለው። ከፊቷ የሚቀመጡት ማኔጅመንት፣ ካቢኔት፣ ቦርድ፣ ስታፍ፣ ሜጀር፣ ራዲካል ናቸው፣ ኤ ማኔጅመንት ሼክ አፕ፣ ኤ ሜጀር ሼክ አፕ። ቢግም ይሆናል። ከኋላዋ ቦታ ሲሆን አት ወይ ኢን፣ ኤ ሼክ አፕ አት ዘ ባንክ፣ ኤ ሼክ አፕ ኢን ዘ ሚኒስትሪ፣ አሰራር ሲሆን ኦፍ፣ ኤ ሼክ አፕ ኦፍ ዘ ታክስ ሲስተም። ግሱ ደግሞ አናውንስ፣ ኦርደር፣ ፌስ ነው፣ ዜና ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው። እኔ በጣም የምወዳትና በየቀኑ ንግግር የምትጠቅመዋ ኒድስ ናት፣ ዊ ኒድ ኤ ሼክ አፕ፣ እዚህ ቤት አንድ መናጥ ያስፈልገዋል እንደማለት፣ የእግር ኳስ ቡድን ሲሸነፍ ሲሸነፍ ከርሞ ደጋፊው የሚላት ናት።

6. ከሚመስሏት አትቀላቅሉ

ሼክ ዳውንን ነግሬያችኋለሁ፣ አትንኩት፣ ተማሪዬ ላይ የደረሰው ይበቃል። ሼክ አውት ደግሞ ገበያ ውስጥ ደካማ ድርጅቶች ሲወጡና ጠንካሮቹ ሲቀሩ ነው፣ ስንዴ በወንፊት ሲነፋ እብቁ እንደሚወጣው፣ ጋዜጣ ላይ ካልሆነ አያጋጥማችሁም።

ዋናው መምታታት ከሪሸፍል ጋር ነው። ሪሸፍል ካርታ መበወዝ ነው፣ ካርታው ያው ነው እጁ ነው የሚለዋወጠው። የኛው ሹም ሽር ማለት ነው፣ እሱን የሾመ ያንን የሻረ፣ ጎንደር ነገስታቱ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ የምናውቀው ነገር ስለሆነ ቃሉን ለማስረዳት አልቸገርም። እንግሊዞች ካቢኔት ሪሸፍል ይላሉ፣ በጁላይ 1962 ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ሃሮልድ ማክሚላን ሰባት የካቢኔ አባላትን በአንዴ ሲያባርሩ የተባለው ሪሸፍል ነው። አሜሪካኖች ለዚሁ ነገር ሼክ አፕ ማለት ይቀናቸዋል። የእኔ አካሄድ እንዲህ ነው፣ ሰው ብቻ ከተቀያየረ ሪሸፍል፣ ወንበሩም ጠረጴዛውም አሰራሩም ከተነካ ሼክ አፕ።

ኦቨርሆል የመካኒክ ቃል ናት፣ ሞተር ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ታጥቦ ሲገጠም። ለስርአትም ይሆናል፣ ግን ከሼክ አፕ ይለያል፣ ኦቨርሆል ሲባል ጥንቃቄ አለው፣ ብሎን በብሎን ነው፣ ሼክ አፕ ውስጥ ግን ድንጋጤ አለ።

7. ሰው ሲሆን ትርጉሟ ይለወጣል

አይ ዋዝ ሼክን አፕ ካላችሁ ተደራጀሁ ማለት አይደለም፣ ደነገጥኩ፣ ውስጤ ተናወጠ ነው። ባጃጅ ልትገለበጥ ብላ ለጥቂት ተርፋችሁ ስትወርዱ ጉልበታችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ አይም ኦኬ፣ ጀስት ኤ ቢት ሼክን አፕ ትላላችሁ፣ ደህና ነኝ ትንሽ ደንግጬ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ቱሪስት ይዛችሁ ስትሄዱ መንገድ ላይ የሚደነግጥ እንግዳ አይጠፋም፣ አር ዩ ሼክን አፕ ብላችሁ ብትጠይቁት ትልቅ ማፅናኛ ነው፣ ውሀ ስጡት፣ ቁጭ አድርጉት።

8. አማርኛ ስታወሩ

ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ አማርኛ እያወራችሁ ሼክ አፕ ባትሉ ደስ ይለኛል። ጓደኛሞች ቢሮ ውስጥ ሼክ አፕ ተደረግን ሲባባሉ አልከለክልም፣ ቋንቋ እንደዛ ነው የሚኖረው። ግን ለእናታችሁ፣ ለሰፈር ሽማግሌ፣ ታመሰ ብትሉ ይበልጣል፣ መስሪያ ቤቱ እንደ ቆሎ ታመሰ። ቆሎ ስታምሱ ያላችሁ አይታችኋል፣ ከስር ያለው ወደ ላይ ከላይ ያለው ወደ ስር፣ እሳትም አለው። ተናጠ አለ፣ ተተራመሰ አለ፣ ሹም ሽር አለ፣ ብወዛ አለ፣ ድልድል አለ፣ ይሄ ሁሉ እያለን እንዳንደኸይ።

9. ለልምምድ

ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ያዙና በህይወታችሁ ያያችሁትን አንድ እውነተኛ ሼክ አፕ ፃፉ፣ መስሪያ ቤት ይሁን የእድር ኮሚቴ ይሁን ትምህርት ቤት ይሁን። ሶስቱን ጥያቄ መልሱ፣ ከዛ ሁለት አረፍተ ነገር ስሩ፣ አንዱ በስም አንዱ በግስ። የእድር ምሳሌ ልስጥ፣ አዲስ ሊቀመንበር ተመርጦ ገንዘብ ያዡን ቀይሮ መዋጮው በባንክ እንዲሆን አደረገ፣ ዜር ዋዝ ኤ ሼክ አፕ ኢን አወር እድር፣ ዘ ኒው ቼርማን ሹክ ኢት አፕ። እድርን አትተርጉሙ እድር በሏት፣ ፈረንጁ ምንድነው ሲላችሁ ማውራት ትጀምራላችሁ፣ እሱም ልምምድ ነው። የፃፋችሁትን በስልክ ቅዱና ራሳችሁን ስሙ፣ ቼ ከሰማችሁ ከቁጥር 3 ጀምሩ።

10. ደብዳቤ ላይ

ለስራ ማመልከቻ፣ ለሪፖርት፣ ለፕሮፖዛል ሼክ አፕ አትፃፉ። ስህተት ሆና አይደለም፣ የአፍና የጋዜጣ ቃል ስለሆነች ነው፣ በሲቪ ላይ ቀለል ትላለች፣ ደግሞም ራስን ናጭ አድርጎ ማቅረብ ለቀጣሪ ያስፈራል። ወረቀት ላይ ሪኦርጋናይዝ ወይም ሪስትራክቸር በሉ፣ ቁጥር ካላችሁ ቁጥር ጨምሩበት፣ ስንት እቃ፣ በስንት ቀን።

የዛችን ልጅ ደብዳቤም ቁጭ ብለን እንዲህ አስተካከልነው፣ አይ ሪኦርጋናይዝድ ዘ ስቶር ኤንድ አፕዴትድ ኦል ዘ ሬኮርድስ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሲጠይቋት ግን ዘ ስቶር ኒድድ ኤ ሼክ አፕ ብላ እንድትጀምር ነግሬያታለሁ፣ በአፍ ሲሆን ህይወት አለው። አሁን ሌላ ሆቴል አመልክታለች፣ ሀሙስ ጠዋት ትገባለች፣ ትናንት ማታ ከክፍል ስትወጣ ደረጃው ላይ ሼይካፕ ሼይካፕ እያለች ስትወርድ ሰማኋት፣ ይ ዋ ገብታለች።